የድሬዳዋ የባቡር ሠፈር አደራ

ሰው በእንግድነት ወደ አንድ ከተማ በደረሰ ጊዜ አስቀድሞ የሚጠይቀው ቤተ ክርስቲያኑ፥ መስጊዱ፥ ቤተ መንግሥቱና ግንቡ የት እንደ ሆነ ነው። ይህ ልማድ መልካም ነው፤ የሃይማኖትና የመንግሥት ታሪክ በእነዚህ ስፍራዎች ተጽፎ ይገኛልና። ነገር ግን አገር የሚቆመው በጸሎትና በፍርድ ብቻ ሳይሆን በሥራም ስለ ሆነ፥ የሠራተኛው ታሪክ የተጻፈበትን ቦታ ሳያይ የሚመለስ እንግዳ መጽሐፉን ከመካከል አቋርጦ የተወ ሰው ይመስላል። አክሱምን፥ ላሊበላንና ጎንደርን ያየ ሰው የኢትዮጵያን የጥንት ጥበብ አየ። ኢትዮጵያ የእንፋሎትንና የብረትን ጥበብ እንዴት እንደ ተቀበለች ሊያይ የሚወድ ግን ወደ ድሬዳዋ ይውረድ።

ድሬዳዋን የወለዳት ቤተ መንግሥት ወይም ገዳም አይደለም፤ የወለዳት ምድር ባቡር ነው። ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. የስዊስ አገር ተወላጅ ለሆነው ለመሐንዲሱ ለአልፍሬድ ኢልግ የባቡር መንገድ ለማሠራት የሚያስችለውን ፈቃድ ሰጡት። ኢልግም ከፈረንሳዊው ከሌዎን ሸፍኖ ጋር ተባብሮ ኩባንያ ካቋቋመ በኋላ ሥራው በ1890 ዓ.ም. ከጂቡቲ ወደብ ተጀመረ። የመጀመሪያው አሳብ ሐዲዱ ሐረር እንዲገባ ነበር፤ ሐረር የቆየች የንግድ ከተማ ናትና። ነገር ግን ባቡር እንደ በቅሎ ዳገት አይወጣም። ብረት በብረት ላይ ሲሄድ ስለሚንሸራተት፥ መንገዱ ቀስ እያለ ከፍ እንዲል፥ ተራራውም እንዲዞር ወይም እንዲቈረጥ ያስፈልጋል፤ ይህም ብዙ ወርቅ ይበላል። ስለዚህ መሐንዲሶቹ ሐረርን በተራራዋ ላይ ትተው ሐዲዱን በተራራው ግርጌ ባለው ሜዳ አሳለፉት። በታኅሣሥ ወር 1895 ዓ.ም. ባቡሩ ከጂቡቲ ከ300 ኪሎ ሜትር የሚበልጥ ርቀት ተጉዞ ደረሰ፤ የደረሰበትም ስፍራ በመጀመሪያ አዲስ ሐረር ተብሎ ተጠራ። ዛሬ ድሬዳዋ የምትባለው ከተማ ይህች ናት።

ከዚያ በኋላ የመጀመሪያው ኩባንያ ገንዘብ አጥቶ ወደቀ። እንግሊዝ፥ ፈረንሳይና ኢጣልያም በታኅሣሥ 1899 ዓ.ም. ስለ ኢትዮጵያ እርስ በርሳቸው ባደረጉት ውል ውስጥ የባቡሩን ጉዳይ አገቡት። በ1900 ዓ.ም. አዲስ ፈቃድ ተሰጥቶ፥ በእርሱም መሠረት የፈረንሳይና የኢትዮጵያ የምድር ባቡር ኩባንያ የተባለው ተቋቁሞ፥ ሐዲዱ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ። የመንገዱም ጠቅላላ ርዝመት 784 ኪሎ ሜትር ሆነ። በዚህ መካከል ድሬዳዋ ለብዙ ዓመታት የባቡሩ መድረሻ ሆና ስለ ቆየች፥ የጥገናው ሥራ፥ የዕቃው ግምጃ ቤትና የሠራተኛው መኖሪያ ሁሉ በእርስዋ ሥር ሰደደ። ሐዲዱ አልፎ ከሄደ በኋላም ቢሆን የኩባንያው ልብ በዚያ መምታቱን አላቆመም።

ይህን ታሪክ በዓይኑ ለማየት የሚወድ ጎብኚ መነሻው ጣቢያው ይሁን። በጣቢያው ፊት ቆሞ ዙሪያውን የተመለከተ እንደ ሆነ፥ ከተማይቱ በማን ልክ እንደ ተሰፋች ወዲያውኑ ያስተውላል፤ ሰፋፊዎቹና ቀጥ ያሉት መንገዶች ከባቡሩ በር ተነሥተው ይዘረጋሉና። ከዚያ ቀጥሎ በሐዲዱ አጠገብ ያለውን የጥገና ሠፈር ማየት ይገባዋል። በዚያ ከፍ ያለ ጣሪያ ያላቸው አዳራሾች፥ ቀድሞ ከመስክ የሚመጡትን ባቡሮች የሚቀበሉ ጕድጓዶች፥ የዕቃና የመንገደኛ ፉርጎዎች፥ የናፍጣ ባቡሮች፥ ከጣልያን ዘመን ጀምሮ በዚህ መስመር ይሄዱ የነበሩት ሊቶሪና የተባሉት ባለ ሞተር ፉርጎዎች ታሪክ ይገኛል። ከግድግዳ ሁሉ ይልቅ ዓይን የሚስቡት ግን የብረት መሥሪያ መኪናዎቹ ናቸው።

ስለ እነዚህ መኪናዎች ጥቂት መናገር ያስፈልጋል፤ ሥራውን ያላወቀ ሰው አሮጌ ብረት ብቻ መስሎት ያልፋቸዋልና። የባቡር መንኰራኵር ሁልጊዜ ሐዲዱን ስለሚፈጭ ይበላል። ሁለት መንኰራኵሮች በአንድ ዘንግ ላይ የተጣበቁ ስለ ሆኑ፥ አንዱ ከሌላው በጥቂት እንኳ ያነሰ እንደ ሆነ ፉርጎው ወደ አንድ ወገን ይሳባል፤ ከሐዲድም ሊወጣ ይችላል። ስለዚህ ዘንጉ ከነመንኰራኵሮቹ ወጥቶ በታላቅ ቶርኖ ላይ ይታሰርና፥ ሁለቱ ልክ እስኪሆኑ ድረስ ይላጋሉ። ባቡሩን የሚያቆመው የፍሬን ብረት ደግሞ ከመንኰራኵሩ ይልቅ ቶሎ ያልቃል፤ ይህንንም ለመተካት በእንጨት አምሳያውን ጠርቦ፥ በአሸዋ ውስጥ ቅርጹን አትሞ፥ የቀለጠ ብረት ማፍሰስ ያስፈልጋል። መለዋወጫ ዕቃ ከአውሮፓ በመርከብ እስኪመጣ ድረስ መጠበቅ ባቡርን ማቆም ስለ ነበረ፥ የድሬዳዋ ጥገና ቤት የሚያስፈልገውን ነገር በገዛ እጁ ለመሥራት ተገደደ። ከመገደድም ጥበብ ተወለደ። አናጢው፥ ቀጥቃጩ፥ አቅላጩ፥ የቶርኖ ሠራተኛውና የእንፋሎት ጋን አዋቂው በአንድ ግቢ ተሰብስበው፥ አንዱ የሌላውን ሥራ እየጠበቀ፥ ከአባት ወደ ልጅ፥ ከባለሙያ ወደ ተለማማጅ ዕውቀቱን አወረሱ። የሥራው ቋንቋ ፈረንሳይኛ ስለ ነበረም ብዙ ሠራተኛ ቋንቋውን ከብረቱ ጋር ተማረ። ለገሃርና ፉርጎ የሚሉትም ቃላት ከዚያው ከባቡር ሰዎች አፍ ወጥተው የአማርኛ ቃል ለመሆን በቁ።

እንግዲህ ይህ ግቢ የብረት መጠገኛ ብቻ አልነበረም ማለት ነው። የኢትዮጵያ ሰው በሰዓት መግባትንና በሰዓት መውጣትን፥ በወር ደመወዝ መተዳደርን፥ በመለኪያ ሥራን መመዘንን በብዛት ከተማረባቸው የመጀመሪያ ትምህርት ቤቶች አንዱ ነበር። የሠራተኛ ማኅበር በአገሪቱ መቋቋም በጀመረ ጊዜም የምድር ባቡር ሠራተኞች ከቀደሙት መካከል መሆናቸው ያለ ምክንያት አይደለም።

ጎብኚው ከጥገናው ግቢ ሲወጣ ከዚራን ያገኛል። ከዚራ በኩባንያው መሐንዲሶች አሳብ የተቀየሰ ሠፈር ነው። መንገዶቹ ቀጥ ብለው ይቋረጣሉ፤ በግራና በቀኝ የተተከሉት ዛፎች ከቆላው ፀሐይ ጥላ ይሆናሉ። የቀድሞዎቹ ቤቶች ወፍራም ግድግዳ፥ ከፍ ያለ ጣሪያ፥ ሰፊ በረንዳና የእንጨት መስኮት ያላቸው ናቸው። ይህ ሁሉ ለጌጥ ብቻ የተሠራ አይደለም። ከተማይቱ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ያህል ብቻ ከፍ ብላ በሙቀት አገር ስለምትገኝ፥ ወፍራሙ ግድግዳ የቀኑን ሙቀት ያዘገየዋል፤ ከፍ ያለው ጣሪያ የሞቀውን አየር ከሰው ራስ በላይ ያነሣዋል፤ በረንዳው ፀሐይ መስኮቱን እንዳትመታ ይከለክላል። ዛሬ በመስታወትና በቆርቆሮ ቤት እየሠራ ሙቀቱን በኤሌክትሪክ ማቀዝቀዣ ሊያባርር የሚደክም ሰው፥ ከእነዚህ አሮጌ ቤቶች የሚማረው ብዙ ነገር አለ።

ከከዚራ ወደ ምሥራቅ የተሻገረ እንደ ሆነ የደቻቱን ወንዝ ያገኛል። ደቻቱ በዓመቱ የሚበዛው ወራት አሸዋ ብቻ ነው፤ ደጋው በዘነበ ጊዜ ግን በድንገት ይሞላል። በሐምሌ ወር 1998 ዓ.ም. መጨረሻ በሌሊት የመጣው ጎርፍ ከ250 የሚበልጡ ሰዎችን መግደሉ አይረሳም። ከወንዙ ማዶ መጋላ ይገኛል። በዚያ ቀጥ ያለ መንገድ የለም፤ መተላለፊያው ጠባብና ጠመዝማዛ፥ ግድግዳው ልዩ ልዩ ቀለም የተቀባ፥ የከፊራ ገበያ ቅስትም የምሥራቁን አገር የሕንፃ ሥራ የሚያስታውስ ነው። ከዚራ የኩባንያው ቢሮ ከሆነ መጋላ የኩባንያው ገበያ ነበር ማለት ይቻላል፤ ባቡሩ ያመጣው ጨርቅና ጨው፥ ባቡሩ የሚወስደው ቡናና ቆዳ በነጋዴው እጅ ያለፈው በዚህ ነውና። ኦሮሞው፥ ሶማሌው፥ አማራው፥ ሐረሪው፥ ጕራጌው፥ ዓረቡ፥ ህንዱ፥ ግሪኩና አርመኑ በአንድ ገበያ ተገናኝተው፥ በሦስትና በአራት ቋንቋ እየተዋዋሉ አብረው ኖሩ። ድሬዳዋ በእንግዳ ተቀባይነትዋ የምትመሰገነውም መንገደኛ ከመሠረትዋ ጀምሮ ያልተለያት ከተማ ስለ ሆነች ነው።

ባቡሩ ሌላውንም ፋብሪካ ስቦ አመጣ። ለኢትዮጵያ የመጀመሪያ የሆነው የሲሚንቶ ፋብሪካ በጣልያን ወረራ ዘመን በዚህች ከተማ ተሠራ። ለሲሚንቶ የኖራ ድንጋይ፥ ሸክላ አፈር፥ ብዙ እሳትና የሚያጓጕዝ መንገድ ያስፈልጋል፤ በድሬዳዋ ድንጋዩ በአካባቢው፥ መንገዱም በደጅ ነበር። የጥጥ መፍተያና መሸመኛው ፋብሪካም በብዙ ሺህ የሚቈጠሩ ሰዎችን ቤት ያቆመ ታላቅ ድርጅት ነበር። እንደዚህ ሆኖ ባቡር፥ ሲሚንቶና ጨርቅ ተደጋግፈው አንዲትን የሜዳ ጣቢያ ከኢትዮጵያ ታላላቅ ከተሞች አንዷ አደረጓት።

በዚህ ስፍራ አንድ ክርክር ሊነሣ ይችላል። ባቡሩን የሠራው የውጭ አገር ኩባንያ ነው፤ ከጥቅሙም አብዛኛውን የሚፈልገው ለራሱ ነበር፤ ሲሚንቶውን የሠራው ደግሞ አገር የወረረ ጠላት ነው፤ እንግዲህ የሌላውን ሥራ እንደ ቅርስ ማክበር ለምን ያስፈልጋል የሚል ሰው ይኖራል። ይህ ንግግር ከአገር ፍቅር የመጣ ስለ ሆነ በንቀት ሊታለፍ አይገባውም። መልሱ ግን ቀላል ነው። ገንዘቡ ከፓሪስ ቢመጣም ድንጋዩን የፈለጠው፥ ሐዲዱን የተሸከመው፥ በበረሃው ሐሩር የወደቀው የዚህ ምድር ሰው ነው። ቶርኖውን የሠራው የአውሮፓ ፋብሪካ ቢሆንም፥ መለዋወጫው በጠፋ ጊዜ በብልሃት እየጠገነ ሥራ ሳያስፈታ ያቆየው የድሬዳዋ ሠራተኛ ነው። ደግሞም ንጉሠ ነገሥት ዐፄ ኃይለ ሥላሴ በሚያዝያ 1928 ዓ.ም. ለዓለም መንግሥታት ማኅበር አቤት ለማለት ከአገር የወጡት በዚሁ ሐዲድ ነው። የመከራውም የክብሩም ታሪክ በአንድ ብረት ላይ አልፎአል፤ ብረቱን መጣል ክፉውን ታሪክ አይሽረውም፤ መልካሙን ግን ምስክር ያሳጣዋል።

ዘመን ሁሉ መጨረሻ አለውና አሮጌው ባቡር ደከመ። የመኪና መንገድ ተስፋፋ፤ ሐዲዱ ለረጅም ጊዜ በቂ ዕድሳት አላገኘም፤ ከአዲስ አበባ እስከ ድሬዳዋ በእርሱ ላይ ይደረግ የነበረው ጉዞ ከቆመ ከአሥር ዓመት በላይ ሆነው። በመስከረም 2009 ዓ.ም. በኤሌክትሪክ የሚሄደው አዲሱ የአዲስ አበባና የጂቡቲ ባቡር ተመረቀ፤ በታኅሣሥ 2010 ዓ.ም. መደበኛ ሥራውን ጀመረ። የአሮጌው ሐዲድ ስፋት 1 ሜትር ሲሆን የአዲሱ 1 ሜትር ከ435 ሚሊ ሜትር ስለ ሆነ፥ የአንደኛው ፉርጎ በሌላው ላይ አይሄድም። የአዲሱ ጣቢያም ከከተማው ወጣ ብሎ የተሠራ ነው። በነሐሴ 2014 ዓ.ም. ደግሞ የድሬዳዋ ነጻ የንግድ ቀጠና ተመርቆአል። ይህ ሁሉ እድገት የሚያስደስት ነው፤ ማንም አስተዋይ ሰው አሮጌው ይመለስ ብሎ አይከራከርም። ነገር ግን አዲሱ ባቡር ከከተማው ውጭ ሲያልፍ፥ በከተማው ልብ ውስጥ ያለው አሮጌው ግቢ ምን ይሁን የሚል ጥያቄ ትቶ አልፎአል።

ለዚህ ጥያቄ መልስ ካልተሰጠ ጊዜ ራሱ መልስ ይሰጣል፤ የጊዜ መልስ ደግሞ ሁልጊዜ አንድ ነው። ብረት በሚዛን የሚሸጥ ዕቃ ነው፤ በከተማ መካከል ያለ ሰፊ መሬትም ፈላጊው ብዙ ነው። በዚህ ዘመን ከተሞች መንገዳቸውን ሲያሰፉና ፊታቸውን ሲያሳምሩ፥ ያረጀውን ሁሉ ያልጠቀመ አድርጎ የማየት ልማድ በሰው ዘንድ እንዳይገባ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቈጠራል የሚለው ምሳሌ ለእንደዚህ ያለው ነገር የተነገረ ይመስላል።

ከግድግዳውና ከብረቱ ይልቅ ፈጥኖ የሚጠፋ ነገር ግን አለ፤ ይኸውም የሠራተኛው ዕውቀት ነው። ግድግዳ ቢሰነጠቅ ይጠገናል፤ ዝገትም በዘይት ይወገዳል። አንድን መኪና እንዴት እንደሚያስነሡት፥ በድምፁ ሕመሙን እንዴት እንደሚለዩት፥ የቀለጠው ብረት ለመፍሰስ መድረሱን በቀለሙ እንዴት እንደሚያውቁ የሚያስተምረው ግን ሰው ነው፤ ሰውም ያረጃል፥ ይሞታል። በጥገናው ቤት ወጣትነታቸውን የፈጸሙት ሰዎች ዛሬ ሽማግሌዎች ናቸው። እነርሱ ካለፉ በኋላ መኪናው ለጎብኚው የሚነግረው ነገር አይኖረውም፤ የሚያስጐበኘውም ሰው ይህ አሮጌ መኪና ነው ከማለት በቀር ቃል አያገኝም። ስለዚህ የድሬዳዋን የባቡር ሠፈር እንጠብቅ የሚል ሰው ሁሉ ከግድግዳው አስቀድሞ እጁን ይጠብቅ።

ይህም የማይቻል ነገር እንዳይመስል ምሳሌው በቅርብ አለ። ከምጽዋ ወደብ ተነሥቶ በ1904 ዓ.ም. አስመራ የገባው የኤርትራ ባቡር በጦርነት ጊዜ ፈርሶ፥ ሐዲዱም ተነቅሎ ለምሽግ መሥሪያ እስከ መሆን ደርሶ ነበር። ኤርትራ በ1985 ዓ.ም. ነጻ መንግሥት ከሆነች በኋላ፥ በጡረታ ቤታቸው የተቀመጡት አሮጌ የባቡር ሠራተኞች ተጠርተው፥ የተበተነውን ሐዲድ ሰብስበው፥ የቆሙትን የእንፋሎት ባቡሮች ጠግነው መስመሩን እንደገና አቆሙት። ያን ጊዜ የተፈለገው ከውጭ የሚመጣ መሐንዲስ ሳይሆን በሽማግሌዎቹ እጅና ልብ የቀረው ዕውቀት ነበር። አሥርና አሥራ አምስት ዓመት ዘግይቶ ቢሆን ኖሮ የሚጠራ ሰው አይገኝም ነበር። የአስመራ ከተማም በ2009 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆና ስትመዘገብ፥ የተከበረችው ከግንብዋና ከቤተ መንግሥትዋ ይልቅ በሃያኛው መቶ ዘመን በተሠሩት ሲኒማ ቤቶችዋ፥ መደብሮችዋና የነዳጅ ማደያዋ ነው።

ከሩቅም ምሳሌ አይታጣም። በጀርመን አገር በኤሰን ከተማ ያለው ጾልፈራይን የተባለው ታላቅ የድንጋይ ከሰል ማዕድን በ1979 ዓ.ም. ሲዘጋ፥ ይፍረስ ያለ ሰው አልጠፋም ነበር። ነገር ግን ተጠብቆ በ1994 ዓ.ም. የዓለም ቅርስ ሆነ፤ ከሰሉ ይታጠብበት የነበረው ቤት ቤተ መዘክር፥ ከግቢውም አንዱ ወገን የጥበብ ትምህርት ቤት ሆኖ ሥራ አላጣም። በህንድ አገር ደግሞ የዳርጂሊንግ የተራራ ባቡር በ1992 ዓ.ም. ተመዝግቦ፥ ባቡሩ እየሄደ፥ የቲንዳሪያ ጥገና ቤቱም እየሠራ ቱሪስት ይጐበኘዋል። ከእነዚህ ሁለት አገሮች ሥራ የሚገኘው ትምህርት አንድ ነው፤ የፋብሪካ ቅርስ የሚኖረው በውስጡ ሥራ ሲኖር ነው። ሥራ የሌለበት ፋብሪካ ሣጥን ነው፤ ሣጥኑም ባዶ ከሆነ ከቀን ወደ ቀን ማንም አያየውም።

ሌላው ክርክር የድኅነት ክርክር ነው። ሥራ ፈት የሆነ ወጣት ባለበት፥ ቤት ያጣ ሰው በበዛበት አገር፥ ለአሮጌ መኪና ገንዘብ ማውጣት ቅንጦት ነው ይባላል። ይህ ንግግር እውነት የሚሆነው መኪናው ተወልውሎ በገመድ ታጥሮ ብቻ የሚቆም እንደ ሆነ ነው። የአሮጌው ጥገና ቤት ግን ትምህርት ቤት ሊሆን ይችላል። ብረት ማላግ፥ ማቅለጥ፥ መበየድና መግጠም ለማንኛውም ፋብሪካ የሚያስፈልጉ የእጅ ሙያዎች ናቸው። በኮምፒዩተር የሚታዘዝ አዲስ ቶርኖ ላይ የሚቀመጥ ወጣት እንኳ፥ ብረት ከቢላዋው በታች ምን እንደሚሰማው በእጁ ያላወቀ እንደ ሆነ ዘወትር ስሕተት አያጣውም። አዲሱ ባቡርም ጠጋኝ ይፈልጋል፤ ነጻው ቀጠናም ባለሙያ ይፈልጋል። እንግዲህ ሽማግሌው ቢያስተምር፥ ወጣቱ ቢማር፥ ጎብኚውም ከፍሎ ቢመለከት፥ አንዱ ግቢ ሦስት ጥቅም ይሰጣል እንጂ የድኃውን እንጀራ አይነጥቅም።

ሕጉም ለዚህ በቂ መንገድ ከፍቶአል። ስለ ቅርስ ጥናትና አጠባበቅ በ1992 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 209 ቅርስን ሲተረጕም፥ የሰው የፈጠራና የሥራ ውጤት የሆነውን ግዙፍም ግዙፍ ያልሆነም ነገር ያካትታል። በዚህ አተረጓጐም መሠረት ጣቢያው፥ አዳራሹና ቶርኖው ብቻ ሳይሆኑ በሽማግሌው እጅ ያለው ሙያም የሕግ ጥላ ሊያገኝ የሚገባው ቅርስ ነው። ከድሬዳዋ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው የሐረር ጁገል በ1998 ዓ.ም. የዓለም ቅርስ ሆና ተመዝግባለች። የሐረርን ግንብ ሊያይ የሚሄድ እንግዳ በድሬዳዋ ሲያልፍ፥ አንድ ቀን ተቀምጦ የሚያይበትን መልካም ነገር ቢያገኝ፥ ሁለቱ ከተሞች እንደ እናትና ልጅ ይደጋገፋሉ፤ የንጋዴውን ዘመንና የብረቱን ዘመን በሁለት ቀን ጉዞ ማንበብ ይቻላልና።

ስለዚህ ከተማውን የሚያስተዳድሩት፥ የምድር ባቡሩን ንብረት የሚጠብቁትና ቅርስን እንዲጠብቁ የተሾሙት ባለሥልጣኖች በአንድነት ተቀምጠው ቢመክሩበት ይገባል። በመጀመሪያ በግቢው ያለው መኪና፥ ፉርጎ፥ ንድፍና መዝገብ ሁሉ እያንዳንዱ ተቈጥሮ ይጻፍ፤ ያልተቈጠረ ነገር ሲጠፋ አይታወቅምና። በፈረንሳይኛ የተጻፈው መዝገብ ከእርጥበትና ከምስጥ ተጠብቆ ወደ አማርኛና ወደ ሌሎቹ የአገር ቋንቋዎች ይመለስ። ጡረተኞቹ የሚያውቁት በድምፅና በሥዕል ይቀረጽ፤ አቅም ያላቸውም በአስተማሪነትና በአስጐብኚነት በክብር ደመወዝ ይቀጠሩ። ከመኪናዎቹ ጥቂቶቹ ለተማሪና ለጎብኚ ሥራቸውን እንዲያሳዩ በሕይወት ይጠበቁ። የሚቻል ከሆነም ከከተማው ጣቢያ ተነሥቶ ጥቂት ኪሎ ሜትር የሚሄድ አንድ ፉርጎ ቢዘጋጅ፥ የድሬዳዋ ልጅ አያቱ የሰማውን የባቡር ድምፅ ይሰማል። በከዚራ አዲስ ቤት የሚሠራ ሰውም የመንገዱን ዛፍ፥ የበረንዳውን ጥላና የቤቶቹን ከፍታ እንዳያበላሽ ልክ የሚሰጥ ደንብ ይውጣለት። ከጎብኚ የሚገኘው ገንዘብ ደግሞ ወደ ሌላ ሳይሄድ ለዚያው ግቢ ጥገና ይዋል።

የከተማው ሕዝብም የራሱ ድርሻ አለው። በየቤቱ የሚገኝ አሮጌ ፎቶግራፍ፥ የሥራ መታወቂያ፥ የደመወዝ ደብተር፥ ከአባት የቀረ የሥራ መሣሪያ ሁሉ ለወደፊቱ ቤተ መዘክር የሚሆን ሀብት ነው። አባቱ ወይም አያቱ የምድር ባቡር ሠራተኛ የነበረ ሰው ከማዕዱ ዙሪያ የሰማውን ታሪክ ቢያስጽፍ፥ የታላላቅ ሰዎችን ብቻ የሚናገረው የታሪክ መጽሐፍ የጐደለውን ያሟላለታል። መምህራንም ተማሪዎቻቸውን ይዘው ወደ ሐዲዱ ቢወርዱ፥ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ለመረዳት ያዳገተው የእንፋሎትና የግፊት ትምህርት በብረቱ ፊት ይገለጥላቸዋል።

ሠርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ እንደሚባለው፥ ሽማግሌዎቹ ካለፉና አዳራሹ ከተራቈተ በኋላ ተነሥቶ ቅርስ ይጠበቅ ብሎ መጮህ ለአገር የሚጠቅም ነገር አይደለም። ዐፄ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ፈቃዱን ሲሰጡ ዓላማቸው ኢትዮጵያ የዘመኑን ጥበብ እንድትይዝ ነበር። ያ ጥበብ በብዙ ሰው ላብ ተይዞ፥ ከመቶ ዓመት በላይ በድሬዳዋ ተቀምጦ እነሆ እስከ ዛሬ ደርሶአል። የዛሬው ትውልድ ባቡሩን ከሠሩት ሰዎች የተቀበለው ሐዲድ ብቻ አይደለም፤ ብረትን የማዘዝ ችሎታንም ተቀብሎአል። ሐዲዱ በአዲስ ሐዲድ ተተክቶአል፤ ችሎታውን ግን የሚተካው ከእጅ ወደ እጅ ማስተላለፍ ብቻ ነውና፥ የያዙት እጆች ሳይታጠፉ የሚቀበላቸው እጅ በቶሎ ይዘርጋ።